ከጓሳ በባዶ እጅ

እጄ ሥራ መፍታት አያውቅም። ተቀምጬ ወሬ ስሰማ እንኳ አንድ ነገር ይፈትላል፣ ይጎነጉናል፣ የነጠላዬን ጫፍ ይቋጫል። ስብሰባ ላይ ወረቀት ቀድጄ ገመድ ሳደርግ ተይዤ አውቃለሁ። ነፍሷን ይማረውና እናቴ፣ «ይቺን ልጅ እጇን ቢያስሯት በእግሯ ትፈትላለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ከሱፍና ከሣር መሃል ነው ያደግሁት። ይህን አስቀድሜ የማወራው በኋላ ለሚመጣው ነገር ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም ይሁን፤ ትንሽ ሰበብ ማን ይጠላል።

የማስተምረው ጓሳ ጥግ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ነው። ከክፍሌ መስኮት ማዶ ያለው ሜዳ ሽቅብ ሽቅብ ይልና የወሰኑ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ሌላ አገር ይሆናል። ሣሩ እስከ ጉልበት ይመጣል፣ የጅብራው ተክል እንደ ሰው ለብቻው ቆሞ ይታያል፣ ጉሙ ደስ ባለው ሰዓት ይመጣና ደስ ባለው ሰዓት ይሄዳል። እዚያ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ። «ከአገራችን በቀር የትም የማይገኝ አውሬ» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጡታል፣ ፈተና ላይም አሳምረው ይመልሱታል። አንድ ቀን፣ «ከናንተ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ያየ እጁን ያውጣ» ብል ከዚያ ሁሉ ልጅ ሦስት እጅ ወጣ። ሦስተኛው ሲጠየቅ ያየው የጎረቤት ውሻ ሆኖ ተገኘ። ኧረ በስመ አብ! ጓሳን ተንተርሰው እያደሩ!

ልጆቹ አልሰነፉም፤ ምክንያት አላቸው። ጓሳ የሁላችንም ነው፤ የሁላችንም ስለሆነ ደግሞ ማንም እንዳሻው አይገባበትም። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል። ሲረዝምና ሲጠነክር ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያን ዕለት አገር ምድሩ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከለያ ያጭዳል። ከዚያ ቀን በፊት አንዲት ሣር የነጨ ሰው ግን ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ይህን ሕግ መቼ እንደተማርኩት አላስታውስም፤ ከእናቴ ጡት ጋር ሳልጠባው አልቀርም።

ያን ሰሞን የተፈጥሮ ክበብ ላቋቁም ብዬ ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀረብኩና፣ «ልጆቹን በወር አንድ ቀን ወደ ጓሳ ላስገባቸው» አልኩ።

ሰብሳቢው ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። «ምን ሊያደርጉ?» አሉኝ።

«ሊማሩ።»

«ጓሳን?»

«አዎን፣ ጓሳን።»

እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ ቶሎ ነው ደሜ የሚፈላው። «የሰው አገር ዱር በመጽሐፍ እየተማሩ የራሳቸውን ሳያዩ ያርጁ እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ሳቁ ቆመ። ሰብሳቢው ፂማቸውን እያሹ፣ «ዋስ ጥሪ» አሉኝ።

አባቴ ከዳር ተቀምጠው ነበር። ክበቡን ከልባቸው አልወደዱትም፤ እራት ላይ፣ «እኛ ቀበሮ ያየነው ሳንማር ነው» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከርመዋል። ያን ቀን ግን በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «እኔ ዋስ ነኝ። አንዲት ሰበዝ ከወጣች ከኔ ትጠየቅ» አሉ። አባቴን ብዙ ሰው ዋስ ጠርቷቸዋል፤ ቃላቸው አንድም ቀን መሬት ወድቆ አያውቅም። ስለዚህ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እኔ ደረቴ ተነፍቶ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ድጋፍ ሲባል ሰው ስብሰባና ባነር ይመስለዋል። ለኛ የመጣልን ድጋፍ አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎ፣ የደከማቸው ልጆች ተራ በተራ የሚቀመጡባት አንዲት አሮጊት በቅሎ፣ አንዲት እናት ከሱፍ የሠራችላቸው ኮፍያዎች ነበር። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ አሁን ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ ይነዳል። እሱም አንድ ቀን ከወንበሩ ሥር አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ለልጆቹ» ብሎ ሰጠኝ። አንደኛው መስታወት ተጭሯል፤ በሱ በኩል ሲታይ ተራራውም ሣሩም የሚንሳፈፍ ይመስላል። ልጆቹ በደህናው በኩል አይተው ሲያበቁ፣ «አሁን ደግሞ በህልሙ በኩል» እያሉ ይሻሙበት ነበር።

አባቴ ዋስ ናቸውና በየወሩ የወሰኑ ድንጋይ ጋ ቁጭ ብለው ይጠብቁናል። ስንመለስ ልጆቹ ተሰልፈው ሁለት መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። አባቴ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ እያንዳንዱንም፣ «ባዶ ነው፤ እለፍ»፣ «ባዶ ነው፤ እለፊ» ይላሉ። ልጆቹ ይህን ከቀበሮው እኩል ይወዱት ነበር። እኔን ማንም አይፈትሸኝም። ቲቸር ምን ብላ ትፈተሽ!

ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። ከቀሚሴ አትለይም፤ ብዙ አትናገርም፤ የተናገረች ቀን ግን ነገር አላት። እናቷ ብርዱን ፈርታ ዘግይታ ስለላከቻት፣ ከክበቡ ልጆች ቀበሮ ያላየች እሷ ብቻ ነበረች። በየወሩ ገብተን በየወሩ ስንወጣ፣ «ቲቸር፣ ዛሬም እኔን ሸሸኝ» ትለኛለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

ያን ጠዋት ስንገባ እንደ ሁልጊዜው ድንጋዩ ጋ አቁሜ፣ «አንዲት ሣር እንዳትነኩ!» ብዬ ጮኬባቸዋለሁ። ጣቴን ቀስሬ! ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጣቴን መንከስ ያምረኛል።

ሽቅብ ስንወጣ የትንሿ ልጅ የፕላስቲክ ጫማ ማሰሪያው ተበጠሰ። አንድ እግሯን እየጎተተች ትንሽ እንደሄደች ጉሙ መጣ። ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ መጀመሪያ ጅብራዎቹን፣ ቀጥሎ በቅሎዋን፣ ቀጥሎ አጠገቤ ያሉትን ልጆች ሸፈናቸው። ሕጋችን ጉም ሲወድቅ ባሉበት መቀመጥ ነው። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። «ዓይናችሁን ጨፍኑና አዳምጡ፤ ኋላ የሰማችሁትን ትነግሩኛላችሁ» አልኳቸው። እኔም ጨፈንኩ።

ከገደሉ በታች ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ያጉረመርማሉ። ቆቅ አንዴ ጮኸችና ተወችው። በቅሎዋ ሣር አትግጥም፣ ለጉመናት ነበር፤ ልጓሟን ብቻ ታላምጣለች። ሣሩ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ቀስ ብሎ የሚያወራ ይመስላል። ትንሿ ልጅ ጭኔ ላይ ተደግፋ ትንፋሿ ይሞቀኛል። እኔ ተኝቻለሁ ማለት አልችልም፤ ነቅቻለሁ ማለትም አልችልም።

ሣሩ የተከፈተበት የልጅነቴ ቀን መጣብኝ። እኔ የታጨደ ክምር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከሥሬ እርጥብ እርጥብ ይሸተኛል። አባቴ ገና ጎልማሳ ናቸው፤ ማጭዳቸው ያበራል። እናቴ አጠገቤ እግሯን ዘርግታ ሸክሙ የሚታሰርበትን ገመድ ትጎነጉናለች። የሷ ጉንጉን የታወቀ ነው፤ ሦስቱን አክርራ ትጀምርና ጫፉን መልሳ ወደ ውስጥ ትሰውረዋለች፣ መጨረሻው የቱ ጋ እንደሆነ አይታወቅም። «እስኪ አንቺ ሞክሪ» ትለኛለች። እሞክራለሁ። ጣቶቿ በጣቶቼ ላይ ይሄዳሉ። «እንደሱ፣ እንደሱ፣ አጥብቂው» ትለኛለች። ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ እዚያ ጉም ውስጥ ግን ድምፅዋን ከአጠገቤ ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ቲቸር» አለች ትንሿ ልጅ በሹክሹክታ።

ዓይኔን ስገልጥ ጉሙ ከፊታችን ቦታ ለቋል። ቀበሮው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆሞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከመሬት ሥር የአይጥ ኮቴ ያዳምጣል። ቀይ ነው፤ ደረቱ ጋ ነጭ ነው። ቀና ብሎ አየን። ዝም ብሎ፣ ሳይፈራ፣ ትንሿን ልጅ በተለይ አያት። ከዚያ ሥራ እንዳለበት ሰው ዞሮ ወደ ጉሙ ገባ።

«አየኝ» አለች። አየሁት አላለችም። እንባዬ መጣ፤ ልጆቹ ሁሉ አቀፏት። ከዚያ ምን እንደተባባልን፣ በየት እንደወረድን አላውቅም። ተንሳፍፈን ነው የወረድነው።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ጣቴን ቆጠቆጠኝ። ባየው ቀጭን የቁስል መስመር አለበት፣ ሣር የሚቆርጠው ዓይነት። ከየት መጣ ብዬ ስገረም ልጆቹን አየሁ። ማንም ወደ እኔ አያይም። ሁሉም የትንሿን ልጅ እግር ያያሉ። የተበጠሰው ጫማ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በአረንጓዴ ገመድ ታስሯል፤ ሦስት ፈትል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሰወረ። ክው አልኩ። በዚያ ጉም ውስጥ የተዘጋውን ሣር ነጭቼ፣ ጎንጉኜ፣ አስሬላት ኖሯል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ሳይሆን፣ ዓይናቸውን ገልጠው እኔን ሲያዩ ነው የቆዩት።

ትንሿ ልጅ አንዱን እግሯን ከሌላው ኋላ ደበቀች። መዳፏን ዘረጋች።

«ባዶ ነው፤ እለፊ» አሉ አባቴ።

አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልናገር ነበር የከፈትኩት። አባቴን አየሁ፤ ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ያቺን መዝጋቴን እስከ ዛሬ እፍርባታለሁ።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከተናገርኩ የአባቴ ዋስትና ይወድቃል፣ ክበቡ ይዘጋል፣ ልጆቹ ጓሳን ዳግመኛ አያዩም። ካልተናገርኩ ማን ያውቃል? እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል የልጅቱ እናት ገመዱን አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን እሳት ውስጥ ጥሎት ዝም ይል ነበር። እሷ ግን የአገሩን ሕግ የምታውቅ ሴት ናት፤ ገመዱን በነጠላዋ ቋጥራ ራሷ ሰብሳቢው ዘንድ ሄደች። «ልጄ አጥፍታ ይሆናል፤ እኔው ላምጣት ብዬ ነው» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥዱ ሥር ተሰበሰብን። ገመዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ደርቆ ብጫ ማለት ጀምሯል። ሰብሳቢው ልጅቱን ወደፊት ጠሯት።

«አትፍሪ ልጄ። ይህን ሣር የነጨው ማነው?»

«እኔ።»

«የጎነጎነውስ?»

«እኔ።»

አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላየችም። ሌሎቹ የክበቡ ልጆች ከቅጥሩ ሥር ተደርድረው መሬት መሬት ያያሉ። አፈር ልብላ! ይህን ሁሉ ወር ምን አስተማርኳቸው? አሁን እነሱ እኔን ሊያድኑ ይዋሻሉ፤ ልጅቱ ደግሞ ቀበሮውን ባየች በሦስተኛው ቀን ጓሳን ለዘላለም ልታጣው ነው።

አባቴ ተነሥተው ወደ ድንጋዩ ሄዱ። ገመዱን አንሥተው አገላበጡት። ጫፉን ፈለጉ፤ አጡት። የተሰወረበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ያቺን ጉንጉን ያስጀመረች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም መቃብር ውስጥ ናት። ከሷ የተማረች ደግሞ አንዲት ናት። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ገመዱን በቦታው መልሰው አስቀመጡትና ቆመው ጠበቁ።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጅቱ ምንም አላደረገችም። ሳላውቀው፣ እጄ ነው።»

«እጅሽ ያላንቺ ብቻውን ይሄዳል?» አሉ ሰብሳቢው። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነቱ እሱ ነበርና። ትንሿ ልጅ ግን ያኔ ማልቀስ ጀመረች፤ እናቷ መጥታ አቀፈቻት።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። አባቴ አብረዋቸው አልሄዱም፤ ዋስ ናቸውና መፍረድ አይችሉም። የቆዩት ጊዜ አንድ ዓመት መሰለኝ። ተመልሰው ሰብሳቢው ተናገሩ። «አንቺ ሣሩ እስኪከፈት ድረስ ከድንጋዩ አታልፊም።»

«ልጆቹስ?» አልኩ። ሌላው ነገር አልታየኝም።

«የልጆቹ እጅ ባዶ ነበር። ከእንግዲህ ይዟቸው የሚገባው ዋሱ ነው። በቃሉ ብቻ ሳይሆን በእግሩም ዋስ ይሁን።»

አባቴ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ዳገት የሚጠሉ ሰው! ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ቀድመው ነበር የሚሄዱት። ጮኸው ቢቆጡኝ፣ በበትራቸው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እራት በሉ፣ ተኙ። ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልወጣቸውም፤ በሚቀጥለው ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

እንዲህ ሆኖ ቦታ ተለዋወጥን። አሁን በየወሩ ድንጋዩ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በእጄ የማልተማመን ሆኛለሁና እንዝርትና ሱፍ ይዤ እሄዳለሁ። አባቴ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ በቅሎዋ ከሁሉ ኋላ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጉሙ ይውጣቸዋል። እኔ እፈትላለሁ። ድምፃቸው ጥቂት ጊዜ ይሰማኛል፤ ከዚያ ከነፋሱ ይቀላቀልብኛል፤ ከዚያ ሁሉም ሣር ይሆናል። አሁን ጅብራዎቹ ጋ ደርሰዋል እላለሁ። አሁን ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ። አሁን አንዱ መነጽሩን በህልሙ በኩል እያየ ተራ አልሰጥም ብሏል። እኔም በህልሙ በኩል ነው የማያቸው። አንዳንዴ ሳልገባ ይበልጥ የገባሁ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ አለቅሳለሁ።

ሲመለሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። «ቲቸር፣ ሁለት ቀበሮ አየን!» «ቲቸር፣ አባባ ወደቁ!» «አልወደቁም፣ ተቀመጡ እንጂ!» መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ «ባዶ ነው፤ እለፍ» እላለሁ። የአባቴን ቃል በአባቴ ቦታ። አባቴ ከሁሉ ኋላ ይመጣሉ። ሳያዩኝ፣ በትራቸውን እየተከሉ በአጠገቤ ያልፋሉ። በመጀመሪያው ወር አለፉ። በሁለተኛውም ወር አለፉ። እኔም እንዝርቴን እያየሁ አሳልፋቸዋለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የዓመቱ መጨረሻ ጉዞ ሆነ። ከባድ ጉም ነበር፤ ቆዩብኝ። ልጨነቅ ስል የበቅሎዋን ልጓም ሰማሁ። ልጆቹ ረጥበው አንድ በአንድ ከጉሙ ወጡ። እጃቸውን አሳዩኝ፤ አሳለፍኳቸው። ትንሿ ልጅ ግን ብታልፍም አልሄደችም፤ ድንጋዩ ጋ ቆመች። ከኋላዋ አባቴ ብቅ አሉ። መነጽሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እንደ ልማዳቸው ሊያልፉኝ ነው ብዬ አቀረቀርኩ።

በትሩ ፊቴ ቆመ። ቀና ስል በትራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተውልኛል።

«አባዬ፣ ኧረ ተዉ» አልኩ። «እርስዎ ምን ሆነው ነው የሚፈተሹት!»

«ፈትሺኝ ነው የምልሽ» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ትንሿን ልጅ አመለከቱኝ። «ጉሙ ሲወድቅ ተቀመጥን። እናትሽ ትዝ አለችኝ። እጄ ወደ ሣሩ ሄዶ ነበር። ይቺ ናት የያዘችኝ።»

ልጅቱ አፈረችና ፊቷን በኮፍያዋ ሸፈነች።

እንዝርቴን መሬት ላይ አኖርኩት። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ሻካራ ነው፣ በርዷል። ገልብጬ አየሁት፤ በጣቶቻቸው መካከልም አየሁ፤ ማየት ከሚገባኝ በላይ ረጅም ጊዜ አየሁት።

«ባዶ ነው፤ ይለፉ» አልኳቸው።